ኦስቲያ ላይ የተቆረጠ ማተብ

ሮም አጠገብ፣ የኦስቲያ የየካቲት ባሕር ከካሜራው በስተጀርባ ነበር። ከካሜራው ፊት ያለው አሸዋ ብቻ ነው፤ እሱም የሱዳን ድንበር ነው ተብሏል። የዋናተኞች ጃንጥላዎች ተነቅለው በቦታቸው ጭራሮ፣ አቁማዳና የተጫኑ በቅሎዎች ቆመዋል። እልፍነሽ ይህን ስታይ ባለችበት ቆመች። ለምለም ክንዷን ያዘቻት።

"ምነው አበልጄ? ገና ሳንጀምር ደከመሽ?"

"ነፋሱ ነው።"

"ቻዪው እንግዲህ። ዛሬ ስደተኞች ነን፤ ስደተኛ ካፖርት የለውም ብለው ካፖርቴን ነጥቀውኛል።"

እልፍነሽ ሮም ውስጥ ብዙ ስም አላት። ተቀጥራ የምትንከባከባት ጣሊያናዊት አሮጊት ልጆች ኤልፊ ይሏታል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እኅት እልፍነሽ ናት። አበልጄ የምትላት ግን ለምለም ብቻ ናት፤ ልጇን ሕሊናን ክርስትና ያነሣችው እልፍነሽ ነችና። ከዚህች ቃል በቀር በዚህ ከተማ ከሰው ጋር የሚያዛምዳት ነገር የለም።

ይህች ቃልም የቆመችው በውሸት ላይ ነው። እልፍነሽ ተጠምቃ አታውቅም። ወገራ ውስጥ ከቤተ እስራኤል ነው የተወለደችው። ልጅ ሳለች ከቤተሰቧ ጋር ኢየሩሳሌም እንገባለን ብለው በእግር ሱዳን ተሻገሩ። እዚያ ማንነትን መደበቅ ግድ ነበርና፣ ድንበሩን እንዳለፉ እናቷ ጥቁር ክር ገምዳ አንገቷ ላይ አሰረችላት። "ስንደርስ እኔው እፈታልሻለሁ" አለቻት። እልፍነሽ ገዳሪፍ ከተማ ሰው ቤት ልታገለግል በሄደችበት ሳምንት መኪና መጥቶ ቤተሰቡን ከስደተኞች ሰፈር ወደ ኢየሩሳሌም ጉዞ ወሰደ። እሷን ካርቱም ያገኟት ጣሊያኖች ሮም አመጧት። ሮም ያሉት አበሾች አንገቷን አይተው እኅታችን አሏት፤ እሷም አይደለሁም አላለችም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወንድሟ ጎበና አፈላልጎ በስልክ አገኛት። በቪዲዮ ነበር። እናታችን ሞታለች ብሏት እያለቀሰ ሳለ ዓይኑ ማተቡ ላይ አረፈ። እንባውን ጠረገ። ድንበር ሲሻገሩ እሱ በጀርባ የታዘለ ሕፃን ነበር፤ ማን፣ ለምን እንዳሰረው ስለማያውቅ ክርስቲያን የሆነች መሰለው። "በይ ደኅና ሁኚ" ብሎ ዘጋ። ከዚያ ወዲህ አልደወለም።

ክሩ ባረጀ ቁጥር አዲስ ክር ትገምድበታለች፤ የእናቷን ቋጠሮ ግን ነክታው አታውቅም።

ፊልሙ የአንድ የቤተ እስራኤል ቤተሰብ ታሪክ ነው። በንጉሡ ዘመን ርስት የተነፈገ አያት፣ በደርግ ዘመን መሬት ተሰጥቶት ጎረቤቶቹ አዝመራውን ያቃጠሉበት አባት፣ በእግሯ የተሰደደች ልጅ። አጃቢ ተዋንያኑን የሰበሰበችው ሮም የተወለደችው ሮሐ ናት፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው የለቀመቻቸው። እልፍነሽ ስሟን ያስመዘገበችው ለምን እንደሆነ ለራሷም አልነገረችም።

ከሰዓት በኋላ ጣሊያናዊቷ የአልባሳት ኃላፊ በሰልፉ መካከል አለፈች፤ የሁሉንም አንገት እያየች ፊቷ ጠቆረ። ለሮሐ የሆነ ነገር አለቻት።

"አሎራ፣ ስሙኝማ" አለች ሮሐ። "ማተባችሁን አውልቁ ተብላችኋል። እነዚህ ሰዎች አይሁድ ናቸው፤ ማተብ አያስሩም።"

"ይውለቅ?" አለች ለምለም። "እንደ ካልሲ?"

"ለአንድ ሰዓት ነው፣ እትዬ ለምለም።"

"የኔ ልጅ፣ ቀዶ ጥገና ስገባ እንኳ አላወለቅሁም። ተሸንፎ የተመለሰው ዶቶሬው ነው።"

"ፈላሻ ካደረግሽን ደግሞ" አሉ ጋሽ ተስፋልደት ከኋላ፣ "ማታ ጅብ ሆነን ነው ወደ ቤት የምንገባው። ባቡሩ ለጅብ ቢሊየቶ ይቆርጣል?"

ሰልፉ በሳቅ ተናጋ። እልፍነሽም ሳቀች። ሲስቁ መሳቅ የኖረችበት ነው፤ ሳቋ ከሰው ሳቅ ቀድሞ አይጀምርም፣ ከሰው ሳቅ ዘግይቶም አያልቅም።

"ጋሽ ተስፋልደት፣ ባስታ፣ ይብቃ!" አለች ሮሐ። "ፈላሻ አይባልም፣ ነውር ነው።"

"ስሙን እኔ አላወጣሁላቸውም።"

ሮሐ ሄዳ ተነጋግራ ተመለሰች። ሁሉም አንገቱን በጋቢና በነጠላ ይሸፍን ተባለ። "አንዲት ሴት ግን እፈልጋለሁ" አለች። "ዓርብ ነው፤ ሱዳን ከመግባታቸው በፊት የመጨረሻው ዓርብ። እናትየዋ ሰንበት ሳይገባ እሳቱን ታጠፋለች። ካሜራው ቀርቦ ስለሚያነሣት አንገቷ ባዶ መሆን አለበት። ማን ይሆንልኛል?"

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አንገታቸው ሳቡ። እልፍነሽ ከጭራሮው በላይ የሚንቀለቀለውን እሳት አየች። እናቷ ያን ዓርብ አመድ ስታለብስ አጎንብሳ ነበር፤ አንገቷ ላይ ላብ እንጂ ክር አልነበረም።

"እኔ ልሁን" አለች።

"አበልጄ፣ ቀልድሽን ተዪ" አለች ለምለም።

እልፍነሽ ሁለት እጇን ወደ ማጅራቷ ወሰደች። ቋጠሮው እንደ ፍሬ ደርቋል፤ ጥፍሯ አልገባም አለ። ዞረች።

"ለምለም፣ ፍቺልኝ።"

ለምለም እጆቿን ከነጠላዋ ሥር ሸሸገች። "ለፊልም ብለሽ? ምን ነካሽ?"

"ለፊልም አይደለም። እናቴ ናት ያሰረችልኝ፣ ሱዳን ስንገባ። እንዳያውቁን።"

"ማንን? ምን እንዳያውቁ?"

እልፍነሽ በአገጯ ወደ እሳቱ፣ ወደ አቁማዳዎቹ፣ ወደ በቅሎዎቹ አሳየቻት። "እነዚህ እኛ ነን።"

ጋሽ ተስፋልደት ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ከዚያ ምን እንደሚያደርጉበት ስላላወቁ መልሰው አጠለቁት። የሚስቅ አልነበረም። ለምለም ብዙ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፤ የወጣው አንድ ቃል ነው።

"ሕሊናስ?"

እልፍነሽ የክርስትናው ዕለት ትዝ አላት። ሕሊናን አቅፋ ቅዳሴ ውስጥ ቆማ ነበር፤ ስለ ሕፃኗ ሆና የካህኑን ጥያቄ ሳታመነታ መልሳለች። ሕፃኗ ግን ጣቷን ጨብጣ ተኝታባት ነበር። እሱ ውሸት አልነበረም። ይህን እንዴት እንደሚናገሩት አላወቀችም።

ምንም ያልገባት የአልባሳት ኃላፊ መቀስ ይዛ መጣች፣ ክሩን ቆረጠችው። "ፐርፌቶ" አለች። ማተቡ አሸዋው ላይ ወደቀ።

እልፍነሽ እሳቱ አጠገብ ተንበረከከች። ነፋሱ ማጅራቷን ሲነካት እንግዳ ሆነባት፤ ያ ቦታ የራሷ መሆኑን ረስታው ነበር። ሲነግሯት እሳቱን አመድ አለበሰችው። "አንኮራ፣ ይደገም" አሉ፤ በጋዝ መለኮሻ እንደገና አነደዱት፤ እንደገና አጠፋችው። ቀኑ በእውነትም ዓርብ ነበር፤ ፀሐይም በእውነት ወደ ባሕሩ እየወረደች ነበር። ደግመው ሊያነዱ ሲመጡ ግማሽ ፀሐይ ብቻ ቀርታለች።

"ከዚህ በኋላ አይነድም" አለች በአማርኛ፣ ለራሷ።

"ብርሃን የለም ነው የምትለው?" አለች ሮሐ፤ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። "እውነቷን ነው፣ ቫ ቤኔ። ጨርሰናል።"

በመመለሻው ባቡር ለምለም ሌላ ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ጠዋት አንድ ወንበር ተጋፍተው ብርቱካን እየተካፈሉ ነበር የመጡት። መብራቶች በመስኮቱ አለፉ። ፒራሚዴ ጣቢያ ሊደርሱ ሲሉ ለምለም ተነሥታ መጣች፤ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር ጭኗ ላይ አኖረችላት።

"ሜዳ ላይ የሚጣል ነገር አይደለም፣ እልፍነሽ" አለቻት።

በስሟ ስትጠራት የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ወርዳ በሰው መሐል ሄደች፤ ዞራ አላየችም።

ቶር ፒኛታራ ሰፈር ያለው ክፍሏ ጨልሞ ጠበቃት። መብራቱን አላበራችም። ሁልጊዜም ዓርብ ማታ አታበራም፤ ጎረቤቶቿ ቆጣቢ ናት ይላሉ። ስልክ ግን ታነሣ ነበር፤ ለምለም የምትደውለው ዓርብ ማታ ነውና። ካፖርቷን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሰንበት ሲወጣ ለጎበና ትደውላለች፤ አንገቷን ታሳየዋለች። ያነሣ እንደሆነ አታውቅም። እስከዚያ ግን፣ ስልክም ሳታነሣ፣ አንዲት ሰንበት እናቷ ታከብራት እንደነበረው አድርጋ ልታከብር ወስናለች።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በራ። ለምለም።

ብርሃኑ ግድግዳው ላይ፣ በሶፍት በተጠቀለለው ክር ላይ፣ በእጆቿ ላይ ተንቀጠቀጠ። እልፍነሽ እጇን ዘረጋች፣ መልሳም ሰበሰበችው። በምን ስም ልትጠራት ደውላ ይሆን? ካነሣችው ታውቃለች። ካላነሣችው ለምለም ዝምድናቸው ያበቃ ይመስላት ይሆናል።

ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ጠፋ። ክፍሉ ከቀድሞው ይልቅ ጨለመ። እልፍነሽ ባዶ ማጅራቷን በመዳፏ ሸፍና፣ ቀጣዩ ቀን መሽቶ ኮከብ እስኪወጣ የሚቀረውን ጊዜ ልትጠብቅ ተቀመጠች።