ከአንድ ግንድ የወጣው ደረጃ

የሰደበኝን የአናጢ ቤታችንን አለቃ ሚሊሜትር እንለው ነበር። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ እኛ ግን ከፀጉር የቀጠነች ስህተት ስለማታመልጠው እንዲህ አልነው። ቀኑ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ከአሥር ነበር፤ ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። ስድስት ሠራተኞችና አንድ ሚስማር ሊሸጥ የመጣ ሰው ቆመው ነበር። የሠራሁትን በር አገላብጦ አየ። መሐል ያለው ሰሌዳ እንዳይንቀሳቀስ ብዬ ዙሪያውን በኮላ ሞልቼዋለሁ። መነጽሩን አወለቀ።

«አንተ እንጨት አትሠራም» አለኝ፤ «እንጨት ትቀብራለህ።»

ስድስቱም ሳቁ። ሚስማር ሻጩ ሳይቀር ሳቀ፤ እሱን ምን አገባው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ቀባሪው» ሆነ። በሳምንቱ መሣሪያዬን ሸክፌ ወጣሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ የሳቀውን ጥርስ ጭምር አልረሳሁም፤ የቫርኒሽ ቀቢው አንዱ ጥርስ ወርቅ ነበር።

ባለፈው ወር አንዲት ጡረታ የወጣች መምህርት ደረጃዬን እይልኝ ብላ አስጠራችኝ። ቤቱን አባቷ ያሠራው የዛሬ ስድሳ ዓመት ገደማ ነው። እግሬ ከበሩ ሳይገባ ታናሽ ወንድሟ አጥሩ ሥር ያዘኝ። ኮንትራክተር ነው፤ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ነው የሚያወራው።

«ስማ ባለሙያው፣ ይሄ ደረጃ ሲረግጡት ያቃስታል። ግድግዳውን ሰነጣጥቆታል። እኔ አፍርሼ አርማታ አቆምና እምነበረድ አለብሰዋለሁ። አንተ ‹በስብሷል› ብቻ በል።»

«ሳላየው?»

«እየው፣ ማን ከለከለህ? አይተህ በስብሷል በል። የማሠራው ፎቅ አለ፤ ሃያ ሁለቱን በር ላንተ።»

ሃያ ሁለት በር ለኔ የዓመት እንጀራ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ልዋሽ ነው የገባሁት።

ገብቼ ግን ቆምኩ። ሳሎኑ በአንድ በኩል ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ነው። ደረጃው ከመስታወቱ ፊት አየር ላይ ቆሟል። ሌላ ቃል የለኝም፤ ቆሟል። አሥራ አራት ወፍራም እርከኖች፣ በመሐላቸው ምንም ነገር የለም፤ ከኋላቸው ያለው የግቢው ዛፍ ይታያል። የእርከኖቹ አንድ ጫፍ በጎን ባለው ግድግዳ ውስጥ ይገባል፤ ሌላው ጫፍ ከጣሪያ በወረደ እንደ ጣት በቀጠነ የብረት ዘንግ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ነጫጭ ጠጠርና ሰፋፊ ቅጠል ያለው ተክል አለ። ፀሐይዋ በእርከኖቹ መሐል እያለፈች ወለሉን ሸንተረር ሸንተረር አድርጋዋለች። ሠላሳ ዓመት ደረጃ ሳይ ኖሬ ደረጃ አይቼ እንደማላውቅ ያን ጊዜ ገባኝ።

«አየኸው?» አለች መምህርቷ። «ልጆች ፎቶ ሊያነሱት ይመጣሉ። የድሮ ነገር ፋሽን ሆኗል አሉ። እኔንም ከሱ ጋር ፋሽን ቢያደርጉኝ ምናለበት!»

«እህቴ፣ ቀልዱን ተይው» አለ ወንድሟ። «አንድ ቀን ወድቀሽ ወገብሽ ይሰበርና ያኔ ፎቶ ያነሱሻል።»

እሷ ወደ እኔ ዞረች። «ወንድሜ፣ እኔና እሱ ተስማምተናል። በስብሷል ካልክ ነገ ይፍረስ፣ አልከራከርም። ደህና ነው ካልክ ግን ማንም አይነካውም። ያንተን ቃል ነው የምንጠብቀው።»

ወንድምየው ጉሮሮውን ጠረገ።

ባትሪዬን ይዤ ጠጠሩ ላይ በጀርባዬ ተኛሁ። ሦስተኛው እርከን ሆድ ላይ በእርሳስ የተሣለች ምልክት አየሁ፤ አንዲት ቀስት፣ ከቀስቷ ሥር ነጥብ። ደሜ ፈላ። ቁጥር መጻፍ የማይወድ፣ እንጨቱን ከቦታው ጋር በዚህች ምልክት የሚያጋባ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ሚሊሜትር! በወጣትነቱ የሠራው መሆን አለበት።

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። አንዲት ቃል ከአፌ ትውጣ እንጂ የዚያ ሰውዬ ሥራ ነገ ማገዶ ነው። እሱም ይሰማል። አሁን ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ከቤት አይወጣም፤ ወሬ ግን እግር አያስፈልገውም።

በስብሷል ለማለት እንዲመቸኝ ብስባሽ ፈለግሁ። አንድ ቦታ ባገኝ ይበቃኝ ነበር። እርከኖቹን አንድ በአንድ በመሮ እጀታ አንኳኳሁ፤ ሁሉም እንደ ደወል መለሱልኝ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ አንድ ነገር አየሁና ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። የእንጨቱ መስመር! በመጀመሪያው እርከን ላይ የጀመረው መስመር ሁለተኛው ላይ ይቀጥላል፤ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፤ እንዲያ እያለ እስከ ላይ። አንድ ግንድ ነው። አንድ ግንድ ሰንጥቆ፣ ቅደም ተከተሉን ሳያዛንፍ ደርድሮ፣ ዛፉን እንደገና ወደ ላይ አብቅሎታል። ባዶ አየሩን ዘልሎ የሚወጣ ወንዝ ይመስላል። ይህን ከሥሩ ሆነው ቀና ካላሉ በቀር ማንም አያየውም። ለማን ብሎ ሠራው?

ጫፍና ጫፉ ላይ በሚጠማዘዘው የእጅ መደገፊያ ላይ መገጣጠሚያውን በጥፍሬ ፈለግሁ። ከታች እስከ ላይ አንድ ወጥ እንጨት ሊሆን አይችልም፤ እንዲያ ተጠማዞ የሚበቅል ዛፍ የለም። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። መጨረሻ ላይ የሰው መዳፍ በማይደርስበት በታችኛው በኩል አገኘሁት። እሱም ከሸረሪት ድር አይወፍርም። የማለቅስ መሰለኝና አቧራ ገባብኝ ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

ታዲያ ለምን ያቃስታል? እርከኑ ግድግዳው ውስጥ የሚገባበትን ቀዳዳ በመሮ ጫር ጫር አደረግሁ። ስቱኮ ነው፣ ከሥሩ ደግሞ ሲሚንቶ።

«ይሄን ማን ሞላው?» አልኩ።

«ባለፈው ሳስቀባ ቀቢው ነው» አለች መምህርቷ። «እርከኑ ከግድግዳው ጋር አልገጠመም፣ ዙሪያው ክፍት ነው፣ ያስጠላል ብሎ ደፈነልኝ። አበላሸ እንዴ?»

ሲሚንቶውን ስፈለቅቅ ከሥሩ የታጠፈ ቆዳ አገኘሁ። ሚሊሜትር ለእያንዳንዱ እርከን ቀዳዳውን የጣት ስፋት አተረፈለትና ቆዳ ላይ አስተኛው። በእርጥብ ወራት እንጨቱ ይፋፋል፣ በደረቁ ይሰበሰባል፤ ለዚያ ቦታ ተወለት። ቀቢው ያችን ቦታ ደፈነበት። እንጨቱ ሊያብጥ ሲል ድንጋይ አገኘ፤ ይጮኻል፣ ግድግዳውን ይገፋል። በቁሙ ቀብረውታል።

እዚያው ተኝቼ ዙሪያውን በኮላ የደፈንኩት ያ በር ትዝ አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደንበኞቼ «በሩ ተሰነጠቀ» እያሉ ሲጠሩኝ እንጨቱን ነበር የምረግመው። ያኔ ቁጭ አድርጎ ቢያስረዳኝ ምን ነበረበት? ተሰደብኩ እንጂ አልተማርኩም። ይህንንም አልረሳለትም። ግን ትክክል ነበር። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ልብሴን አራግፌ ተነሳሁ። ሁለቱም አፍ አፌን ያያሉ።

«አልበሰበሰም» አልኩ። «ገና ስድሳ ዓመት ይኖራል። የደፈናችሁትን ላውጣለት፣ ዝም ይላል።»

ወንድምየው ቁልፉን ማሽከርከር አቆመ። «ሃያ ሁለት በር!» አለኝ በሹክሹክታ፣ ወደ ውጭ እያለፈ። «አይ አንተ! ለእንጨት ብለህ?»

አራት ቀን ሠራሁ። አሥራ አራቱን ቀዳዳ ፈልቅቄ ጠረግሁ፣ ቆዳውን በአዲስ ቆዳ ተካሁ። አንዱንም እርከን ከቦታው አላነሳሁም፤ ማዛነፍ ፈራሁ። በአራተኛው ቀን መምህርቷ ጫማዋን አውልቃ ወጣች። ላይ ደርሳ ተመለሰች፤ እንደገና ወጣች። የነጠላዋ ጫፍ ሲጎተት ይሰማል፤ ደረጃው ግን ትንፍሽ አላለም። ስልኳን አውጥታ፣ ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ደረጃውን ለሠራው ሰው ደወለች።

«ጋሼ፣ ዝም አለ! ደረጃዎ ዝም አለልኝ!»

ያ ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ሳሎኑን ሞላው። ሻክሯል እንጂ ያው ነው። «ማነው የነካው?»

«አንድ አናጢ ነው፤ እዚሁ ቆሟል።»

«ቆዳውን ምን አደረገው?»

«በአዲስ ቆዳ ለወጠው።»

«ቆዳን በቆዳ የተካ ሰው የኔን እጅ የሚያውቅ ነው። ማን ይባላል? ስጪኝ እስቲ ላናግረው።»

ስልኩን ዘረጋችልኝ። ለዚህ ሰውዬ የምለው ነገር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ፤ አልጋዬ ላይ ስገላበጥ ስንቴ ብዬዋለሁ። ከደረጃው ሥር ቀና ብዬ መስመሩ ከእርከን እርከን እየዘለለ ወደ ላይ ሲሄድ አየሁ።

መሮዎቼን ሰብስቤ ከረጢቴ ውስጥ ከተትኩ።

«ወንድሜ፣ ማን ነው ልበላቸው?» አለች።

ከረጢቴን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ በሩን በቀስታ ከፍቼ ወጣሁ።