በሁዳዴ የተዳረችው

እስከዳር ስድስት ዓመት ሙሉ ከፀሐይ ጋር ስትታገል ኖራ፣ በመጨረሻ የጣላት ጾም ነው። ጉድ እኮ ነው!

ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ ታስተምራለች፤ ከሥራ መልስ የድሮ ዘመን ልብ ወለድ ትጽፋለች። መጽሐፏ ላይ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት፣ ሰርግ መሐል ፀሐይ በቀትር ትጨልማለች፤ ሕዝቡም «ይቺ ሙሽራ ናት ያመጣችብን» ብሎ ይነሣባታል። ግርዶሹን ራሷ አስልታ ቀኑን ከነሰዓቱ አግኝታዋለች። ዝንፍ አይልም።

ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል። ዛሬ ጠዋት ግን፣ ምን እንደነካት እንጃ፣ የዚያን ዓመት ፋሲካ በባሕረ ሐሳብ ቆጠረች። ሰርጉ ሁዳዴ መሐል ቁጭ ብሏል! በሁዳዴ ማን ይዳራል? ያውም ለድግሱ በሬ አሳርዳለች! ቀኑን እንዳትለውጥ ግርዶሹ አይነቃነቅም፤ ግርዶሹን ብትተወው መጽሐፉ ባዶ ነው። ዝም ብትልስ? የዲማ ገዳም የቆሎ ተማሪ ሁሉ በጣቱ ቆጥሮ ይስቅባታል።

ከሁሉ ያስጨነቋት ደግሞ የዲማው የኔታ ምናለ ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ረቂቁን እሷው አንብባላቸው፣ መርቀዋታል። የባሕረ ሐሳብ መምህር ይህን እንዴት ያልፋሉ? በሚኒባስ ቢቸና፣ ከዚያ በእግሯ ዲማ ደረሰች። መንገዱን ሁሉ ከራሷ ጋር ስትጣላ ነበር።

«የኔታ፣ ጉድ ሆኛለሁ! ሰርጉ ሁዳዴ ላይ ወድቋል።»

«አውቃለሁ» አሉ የኔታ።

«ያውቃሉ? ታዲያ እንዴት አይነግሩኝም! ነገ እኮ ነው የሚታተመው!» እንባዋ መጣ።

«በሁዳዴ የሚዳር የለም ልበልሽ? በዚህ ዕድሜዬ ልዋሽ?» ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «እናቴ በሁዳዴ ነው የተዳረችው።»

«በሁዳዴ?» አለች እስከዳር።

«አባቴ ጣሊያንን ሊዋጋ ዱር ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ቄሱ እምቢ አሉ፤ ሽማግሌ አማምሎ ዳራቸው፤ ድግሱም ሽሮ ነው። እኔን በሆዷ ትቶ እንደወጣ ቀረ። ከዚያማ በረዶ አዝመራ ሲመታ በእሷ፣ ከብት ሲያልቅ በእሷ ተሳበበ። ሰማንያ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ለሰው ተንፍሼው አላውቅም። ስታነቢልኝ፣ ይቺ ልጅ ሳታውቀው እናቴን ጻፈቻት ብዬ ዝም አልሁ። በሬውን ግን አውጪው።»

እስከዳር እዚያው ቆማ ማተሚያ ቤት ደወለች። «አቁሙልኝ! ሰርጉን እንደገና እጽፈዋለሁ።»

«ተራሽ ካለፈ እስከ መስከረም የለም፤ ኋላ እንዳትወቅሽኝ!» ሰውየው ጮኸባት።

«ይለፍ» አለች።

የኔታ ፈራ ተባ አሉ። «በእናቴ ሰው አይስቅባትም?»

«አይስቅባትም» አለች፤ እርግጠኛ አልነበረችም። አጠገባቸው ተቀምጣ ደብተሯን ገለጠች። «በሰርጓ ቀን ታለቅስ ነበር?»

«ኧረ ወዲያ! ስትስቅ ነው የዋለችው አሉ። አገሩ ይቅር ያላላት ሳቋን ነው።»