በዘጠነኛው ዘፈን ያለችው ሴት

«ዘጠነኛውንስ አሰማሽ?» አለ ልብስ ሰፊው አንጁሎ፣ ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ ወደተቀመጠችው መብራት ጎንበስ ብሎ።

ጎረቤቷ ፈጠነች በክርኗ ጎሸም አደረገችው። «ልቅሶ ቤት ነው፣ ለዚያውም በጾም። አርፈህ ተቀመጥ።»

አንጁሎ ካጎነበሰበት ቀና አለ። መብራት ግን ሁለቱ ሲተያዩ አየቻቸው። ባሏ ገብረሥላሴ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ እሷ ደግሞ እስካሁን አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም።

ገብረሥላሴ እንደ ሌላው ሰው አልነበረም። ድሬዳዋ ተወልዶ ፈረንሳይኛን ከባቡር ሠራተኛ አባቱ የለቀመ፣ በወጣትነቱ እዚያው ሆቴል ውስጥ በፈረንሳይኛ ሲዘፍን የኖረ፣ ኋላ በመንግሥት ሥራ ሶዶ መጥቶ በዚያው የቀረ። ሶዶ ውስጥ ቋንቋውን የሚሰማለት ባይኖርም መዝፈኑን አልተወም። በሰባ ሦስት ዓመቱ ደግሞ አልበም ካልሠራሁ አለ፤ ዘጠኝ ዘፈን፣ እያንዳንዱ ከአንድ ሌላ ሰው ጋር በቅብብል የሚዘፈን። አንዱን ከአንጁሎ፣ አንዱን ከፈጠነች፣ አንዱን ዱቦ ሆስፒታል ካለች ነርስ ጋር። ፈረንሳይኛውን በእኛው ፊደል እየጻፈ አስጠናቸው። አንጁሎ ምን ብሎ እንደዘፈነ ዛሬም አያውቅም፤ ሱሪ እየተኮሰ ግን ይለዋል፣ ደስ ይለዋል።

ቤቱ ውስጥ ግን አይዘፍንም ነበር። ጥፋቱ የመብራት ነው። በተጋቡ ሰሞን «ምን እያልክ ነው?» ብላ ጠየቀችው። «ስለ አንዲት ሴት ነው» አላት የዋሁ። «እንግዲያው ውጭ ዝፈንላት። እኔ የማላውቃት ሴት እዚህ ቤት አትገባም።» የወላይታዋ ጉኑኖ ልጅ ናት፤ አንዴ ካለች አለች። አልበሙን ሲጀምር ከእሱ ጋር አንድ ብቻ እንድትዘፍን ተለማምጧት ነበር። «እኔ አፌን የምከፍተው ለጸሎትና ለስድብ ነው» አለችው። ሳቀና ተወው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ጓሮ ስትወጣ፣ ድንኳኑ ጀርባ ለቀስተኞች አንድ ስልክ ከበው ቆመዋል። የባሏ ድምፅ ተሰማት። እሱ በፈረንሳይኛ አንድ ስንኝ ይላል፣ አንዲት ሴት በወላይትኛ ትመልስለታለች። ዜማው የጉኑኖ እናቶች ልጅ የሚያስተኙበት ነው። ሰዎቹ መብራትን ሲያዩ ክፉ ሥራ ላይ እንደተያዘ ሰው ስልኩን ዘጉ።

ሶዶ ሁሉ የሚያውቃትን ሴት እሷ አታውቃትም ማለት ነው? ያውም ከገዛ አገሯ። ያውም ድምፅዋ አያምርም፤ ቀጭን ነው፣ ጉንፋን የያዛት ትመስላለች። ለዚች ብሎ ነው? ትናደዳለች፣ መልሳ ደግሞ በመናደዷ ታፍራለች። ሦስት ቀን ያልሞላው ሬሳ ይቆጡታል? «አላለቀሰችም እኮ» ሲባባሉ ጆሮዋ ገባ። እንዴት ታልቅስ? የትኛውን ሰው እንደቀበረች ግራ ገብቷታል።

በሣልስቱ፣ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ፣ ዘፈኖቹን የቀዳው ወንደሰን መጣ። አጠገቧ አስቀመጠችው።

«አትዋሸኝ። ማናት?»

«ማን?»

«የጉኑኖዋ ናታ። አብራው የዘፈነችው።»

ወንደሰን ወደ እሷ ዞረ። «እትዬ መብራት፣ ይቀልዳሉ?»

«በዚህ ቀን ይቀለዳል?»

ወንደሰን ፈጠነችን አያት። ፈጠነች ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «ገብረሥላሴ፣ ለፋሲካ እኔው ራሴ አሰማታለሁ፣ እንዳትነግሯት ብሎ አስምሎን ነው። አንጁሎ፣ ባልሽ ሳይሞት ያሰማሽ መስሎት ጠየቀሽ። ሟች ያስማለንን እንዴት እናፍርስ? አንቺ ይህን ታስቢያለሽ ብለን መች ጠረጠርን።»

ወንደሰን ስልኩን ከፍቶ ሰጣት። የእድሩ ዳኛ አዩና ፊታቸውን አዞሩ። መብራት ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

«ይህችው ናት» አለች።

«እርስዎ ነዎት እኮ። ጓሮ ጎደሬ እየላጡ ሲያንጎራጉሩ ጋሼ በስልካቸው ቀድተው አመጡልኝ። ፈረንሳይኛውን በእርስዎ ዜማ ላይ የገጠሙት እሳቸው ናቸው።»

«ይህ የእኔ ድምፅ አይደለም።»

«ሰው የራሱን ድምፅ መጀመሪያ ሲሰማ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚለው፣ እትዬ።»

አላመነችውም። የምትጠላትን ሴት እያዳመጠች ጥርሷን ነክሳ ቆየች። መጨረሻው ላይ ሴትዮዋ ዜማውን አቋረጠችና ተቆጣች፦ «እዚያ ምን ገተረህ? ና ተቀመጥ እንጂ!»

ይህን የሚል ሌላ ሰው የለም። ቁጣው የራሷ ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሲወጣ ሲገባ ያለችው ነው። ገብረሥላሴም አልቆረጠውም፣ እንዳለ ትቶታል።

«መጣሁ፣ መጣሁ» አለ ስልኩ ውስጥ እየሳቀ።

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ፈጠነች ልትይዛት ስትጠጋ በእጇ ከለከለቻት። ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ ወደ ፍራሹ ጫፍ ፈቀቅ አለችና ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቀች።