የአምበሉ ጠማማ አዝራር

ቬርና ሃስኬል መርፌ የያዘችው ገና የወተት ጥርሷን ሳትጨርስ ነበር፤ አሁን ግን ጣቶቿ አመፁባት። ጠዋት ስትነሣ መገጣጠሚያዎቹ አብጠው፣ እንደ ዝንጅብል ተጣመው ታገኛቸዋለች። ሐኪሙ “በቃ፣ መርፌውን ተይው” ካላት ሰንብቷል። እሷም እሺ ብላዋለች፤ ግን የዘንድሮውን የቤዝቦል ልብስ ሰፍታ ነው የምታቆመው። የመጨረሻዋ ነውና ልክ እንዲሆን ፈለገች። እንዲያምር አይደለም፤ ያምራል፣ እሱን ታውቅበታለች። የድሮ ሰዎች የለበሱትን ራሱን እንዲሆን ነው የፈለገችው።

ዌልቦርን የምትባለው የኦሃዮ ከተማ ትንሽ ናት፤ ጉራዋ ግን አገር ያክላል። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ማግስት “ፋኖሶቹ” የሚባል የቤዝቦል ቡድን ነበራት። ቡድኑ ሞቶ ከተረሳ ከብዙ ዘመን በኋላ የቬርና ባል ኦርቪል ከመቃብር አወጣው፣ ራሱንም አምበል አድርጎ ሾመ። እንግዲህ በየበጋው ሽበታም ወንዶች ያለ ጓንት፣ በድሮው ሕግ፣ የድሮውን ልብስ ለብሰው ይጫወታሉ። ጣታቸው ይሰበራል፣ ወገባቸው ይያዛል፣ ደስ ይላቸዋል። ልብሱ ሰፊ ነጭ ሸሚዝ ሆኖ ደረቱ ላይ ጋሻ የሚመስል ሌላ ጨርቅ ዙሪያውን በአዝራር ይያያዝበታል፤ ጋሻው ላይ ደግሞ የከተማዋ ስም የመጀመሪያ ፊደል አለ።

ጋሻው ሰማያዊ ነው። ለምን ሰማያዊ ሆነ ለሚል ሰው ምስክሩ በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የጥንቶቹ ፋኖሶች ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ጢማቸውን ያንዠረገጉ ዘጠኝ ወንዶች ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ቆመዋል፤ ጋሻቸው ጠቁሮ ይታያል። የጠቆረው ምን ሊሆን ይችላል ሲባል፣ ሰማያዊ ነዋ፣ ደማቅ ሰማያዊ ተባለ። ሁሉም አመነ፤ ቬርናም አመነች። የጎረቤት ከተማ የሎክሪጅ ቡድን ቀይ ለባሽ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አጣፈጠው፤ ሁለቱ ከተሞች ከጥንትም ሆድና ጀርባ ናቸው። ዛሬ የዌልቦርን የውኃ ማማ ሰማያዊ ነው፤ የኦርቪል መኪና ሰማያዊ ናት። ኦርቪል ቲማቲም የሚበላው ዓይኑን ጨፍኖ ነው እያሉ ያሙታል።

ቬርና በዚያ ጸደይ ማጉያ መስታወቷን ይዛ ፎቶው ሥር ከረመች። የአንገቱን አቆራረጥ፣ የቀበቶውን ስፋት፣ የአዝራሮቹን አቀማመጥ አንድ በአንድ አየች። መካከል ላይ የቆመው አምበል ጋሻ ላይ አንዷ አዝራር ከመሥመሯ ወጥታ ጠማማ ሆናለች። እሷን ባየች ቁጥር ትበግናለች።

“ምን ዓይነት ሚስት ናት?” አለች ለኦርቪል እራት ላይ። “ባሏ ፎቶ ሊነሣ ሲሄድ እንዲህ አድርጋ ትሰደዋለች?”

“ተጣልተው ይሆናላ።”

“ብጣላህም አዝራርህን አላጣምምም።”

“እሱስ ልክ ነሽ። አንቺ ስትጣዪ ሾርባውን ነው ጨው የምታበዢው።”

በግንቦት ሎክሪጆች ለወዳጅነት ጨዋታ መጡ። ወዳጅነት የሚለው ስሙ ብቻ ነው። ያን ቀን ኤሞስ የሚባለው ፎቶ አንሺ የእንጨት ሣጥን ካሜራውንና ጥቁር ድንኳኑን ይዞ መጣ። ኤሞስ እንደ ጥንቱ መድኃኒት ቀብቶ መስታወት ላይ ፎቶ የሚያነሣ ሰው ነው። ፋኖሶቹን አሰልፎ አነሣቸውና ድንኳኑ ውስጥ ገባ። መስታወቱን አጥቦ ይዞ ሲወጣ ሁሉም ከበበው።

“ጋሻችን የታል?” አለ ኦርቪል።

ጋሻው አልነበረም። ያ ደማቅ ሰማያዊ ነጥቶ፣ ከሸሚዙ ጋር አንድ ሆኖ ወጥቷል። ከጎናቸው የቆመው የሎክሪጅ አምበል ክላረንስ ግን ቀይ ሸሚዙ እንደ ከሰል ጠቁሮ ቁጭ ብሏል።

“ይህ መድኃኒት ሰማያዊን ያነጣዋል፣ ቀይን ያጠቁረዋል” አለ ኤሞስ እጁን እየጠረገ። “የድሮ ፎቶ ሁሉ እንዲህ ነው።”

“ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከንም?”

“ማን ጠየቀኝና?”

ነገሩ መጀመሪያ የገባው ክላረንስ ነው። ሳቁ ጉልበቱን አስያዘው። “ኦርቪል! የአያቶችህ ጋሻ ፎቶው ላይ ጥቁር አልነበር? እንኳን በሰላም ወደ ቤትህ ተመለስክ፣ ወንድሜ!”

የኦርቪል ፊት፣ ደግነቱ ፎቶ አልተነሣም እንጂ፣ ደም መሰለ። “ቀይ ከምለብስ ራቁቴን እጫወታለሁ!” ብሎ ሜዳውን ለቆ ሄደ።

ቬርና ግን የድሮውን ቀለም የምታውቅበት መንገድ በማግኘቷ ደስ አላት። ባሏ አሳዝኗታል፣ እሱ እውነት ነው፤ ደስታዋ ግን ይበልጥ ነበር። በማግስቱ የሁሉንም ቀለም ቁራጭ ጨርቅ ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ሰቀለችና ኤሞስ ፎቶ እንዲያነሣቸው አደረገች። ቀዩ ጠቆረ። አረንጓዴውም ቡናማውም ጠቆሩ።

“አረንጓዴ ነው!” አለ ኦርቪል ነፍሱ መለስ ብላ። “አረንጓዴ ጥሩ ቀለም ነው። ሣር አረንጓዴ ነው።”

“በግምት አልሰፋም” አለችው። “እስከ ዛሬ በግምት ሰፍቻለሁ፣ ይበቃኛል።”

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ቡድኑ ለምን ፋኖሶቹ ተባለ? እሳት በተነሣ ጊዜ ፋኖስ ይዘው የሚሮጡት የከተማዋ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ ኳሱን የጀመሩት። ይህን ዌልቦርን ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ግን ማንም ከልብስ ጋር አያይዞት አያውቅም። ቬርና የዚያን ለታ እጇን እያሸች ስታስብ ትዝ አላት፤ በእሳት አደጋ ጣቢያው መስኮት አጠገብ፣ መስታወት ሣጥን ውስጥ አንድ አሮጌ ሸሚዝ አለ። ፀሐይ በልታው ቀለሙ እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ሆኗል። የጥንት እሳት አጥፊ ሸሚዝ እየተባለ ሁሉም አልፎት ይሄዳል።

የጣቢያው ኃላፊ ሮስኮ፣ የሚስቱን የሰርግ ቀሚስ ስለሰፋችላቸው ቬርናን እንደ እናት የሚያከብር ጎልማሳ ነው። “ለማንም ከፍተን አናውቅም፣ ወይዘሮ ሃስኬል” አለ ሣጥኑን እየከፈተ። “ለእርስዎ ግን እምቢ ካልኩ ቤቴ አልገባም።”

ሸሚዙ ደረቱ ላይ ጋሻ ነበረው። በጋሻው ግራ ጠርዝ፣ ወደ ታች ወረድ ብሎ፣ አንዷ አዝራር ጠማማ ናት።

ቬርና ወንበር ጠየቀች። ተቀምጣ ጋሻውን ወደ ብርሃን ስታዘነብለው፣ የተፈታ ስፌት የተዋቸው የመርፌ ቀዳዳዎች ታዩዋት፤ የከተማዋን ፊደል ቅርጽ ይዘው ዙሪያውን ሄደዋል። በዚያው ሸሚዝ እሳት አጥፍተውበታል፣ በዚያው ኳስ ተጫውተውበታል። ከዚያ የጋሻውን ጠርዝ ስፌት በቀስታ ገልበጥ አደረገችው። ፀሐይ ያልደረሰበት ጨርቅ ትናንት የተነከረ ይመስል ቀይ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ይህኛው ግን ትንሽ አብዝቶ አድሯል።

ያቺን አዝራርም ገልብጣ አየቻት። ክሩ ወፍራም ነው፤ የጆንያ አፍ እንደሚታሰር ተጠምጥሞ፣ ተጠምጥሞ፣ በትልቅ ቋጠሮ አልቋል። የቀሩት አዝራሮች ግን በጥሩ እጅ፣ ቀጥ ብለው ተሰፍተዋል። “ይህችንስ አምበሉ ራሱ ነው የሰፋት” አለች ለሮስኮ። ለምን ራሱ እንደሰፋት ግን አልገባትም።

ቡድኑ መጥቶ አየ፤ ቀይ ይሁን ተባለ። ኦርቪል ሸሚዙን አየ፣ ቆቡን አወለቀ፣ ከዚያ በሰማያዊ መኪናው ወደ ቤቱ ነዳ።

“አንቺም ከእነሱ ጋር ነሽ?” አላት ማታ።

“እኔ ከሸሚዙ ጋር ነኝ።”

“ለእኔ አትስፊልኝ።”

ይህ ከነከናት። የዕድሜዋ የመጨረሻ ሥራ፣ እስከ ዛሬ ከሰፋችው ሁሉ ልክ የሆነው፣ ባሏ የማይለብሰው ሊሆን ነው። ቢሆንም ሰፋች። የሌሎቹን ጨርሳ በመጨረሻ የእሱን ያዘች። ከአዝራሮቹ አንዲት ብቻ ስትቀር ጣቶቿ መርፌውን ለቀቁት። አነሣችው፤ ለቀቁት። ሸሚዙን ጠረጴዛው ላይ ትታ ማድ ቤት ገብታ እጇን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፈች። አለቀሰች፤ ብዙም አይደለም።

ስትመለስ ኦርቪል መነጽሩን አፍንጫው ላይ ሰክቶ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ባለ ቀይ ጋሻው ሸሚዝ ጉልበቱ ላይ ነው።

“የዚህ መርፌ ቀዳዳ የት ነው የተደበቀው?” አለ ቀና ሳይል።

“ምን እያደረግህ ነው?”

“ስታለቅሺ ሰማሁ። ለጣትሽ ብዬ ነው እንጂ ለቀዩ አይደለም፣ እንዳይመስልሽ።”

ክሩን ከላይ ወደ ታች ጎተተው፣ ጠመጠመው፣ እንደገና ጠመጠመው፣ ጣቱን ወጋ፣ ተሳደበ። ቬርና ልታርመው አፏን ከፍታ ተወችው።

በሐምሌ የነጻነት በዓል ዕለት ሜዳው በሰው ተሞላ። የበቆሎና የቼሪ ኬክ ሽታ ያውዳል። ሁለቱም ቡድን ቀይ ለብሶ ሲሰለፍ ዳኛው ራሱ ግራ ገባው።

“ኦርቪል!” ብሎ ጮኸ ክላረንስ። “ራቁትህን ትመጣለህ ብለውኝ ሚስቴን ቤት ትቻት መጣሁ!”

“እኛ ይህን ስንለብስ አያትህ ገና ላም ያልብ ነበር!” አለ ኦርቪል ደረቱን ነፍቶ። “ያዋስናችሁን መልሱልን!”

ጨዋታውን ተሸነፉ፤ ማንም ግን አልከፋውም። ኤሞስ አነሣቸውና መስታወቱን አጥቦ ለቬርና አስቀድሞ ሰጣት። ጋሻዎቹ ጠቁረዋል፣ ልክ በግድግዳው ላይ እንዳለው። መካከል የቆመው አምበል ጋሻ ላይ አንዷ አዝራር ከመሥመሯ ወጥታለች።

ቬርና መስታወቱን እንደያዘች ቆመች። ያቺን የማታውቃትን ሴት፣ ጸደዩን ሙሉ ስትሰድባት የከረመችውን፣ አሰበቻት። የእሷም ጣቶች ታመው ይሆን?

ኦርቪል ከኋላዋ መጥቶ በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ አየ። “ውይ፣ ጠማማ ናት ለካ” አለ አፍሮ። “ቤት ስንገባ ፈትተሽ አስተካክያት።”

“አይ” አለች ቬርና፣ ያበጠ እጇን ክንዱ ውስጥ እያስገባች። “መርፌ ትቻለሁ።”