ኒኖንግን መቅደም

ዴልፊን ከመኪና ውድድሩ ሜዳ ሦስተኛ መታጠፊያ ሲወጣ የፊተኛውን ቢጫ መኪና ሊነካው አንድ ክንድ ያህል ቀረው፤ ወዲያው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሳ። በቀኝ በኩል ጋሪ የሚያሳልፍ ክፍት ቦታ ነበር።

«ምን ትጠብቃለህ?» ስትል ሚስቱ ሮዌና በሬዲዮ ጮኸችበት። «መንገዱ ክፍት ነው እኮ!»

«ኒኖንግ ናቸዋ!»

ቢጫዋን መኪና የሚነዱት የስድሳ አራት ዓመቱ ፕላሲዶ ናቸው። ከዕለቱ አሥራ አራት ተወዳዳሪዎች ዘጠኙን ወይ ክርስትና አንስተዋቸዋል፣ ወይ ልጃቸውን አንስተውላቸዋል፣ ወይ በሠርጋቸው አባት ሆነው ቆመውላቸዋል፤ ገና በመጣ ቁጥር ለሁሉም ገንዘብ ያለበት ፖስታ ይሰጣሉ። ስለዚህ ዘጠኙም ኒኖንግ፣ ማለትም የክርስትና አባት፣ እያሉ ይጠሯቸዋል፤ ዘጠኙም አይቀድሟቸውም። ባለፉት አሥራ አንድ ዓመታት የሰውየው ፍጥነት ቀነሰ እንጂ ዋንጫቸው አልቀነሰም።

ዴልፊን ሕዝብ የሚያመላልስ ረጅም ጂፕ፣ የጂፕኒ፣ ሹፌር ልጅ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቱ በአባቱ ጂፕኒ ላይ ማርሽ መቀየር ተማረ፤ በሃያ ሦስት ዓመቱ ውድድር ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ስድስት ጊዜ ሁለተኛ ወጥቷል። በአገሩ በፊሊፒንስ እንደሱ የሚፈጥን ጥቂት ነው፤ እንደሱ በትሕትና የሚነዳ ግን አንድም የለም።

ዛሬ ግን ሁለተኛነት አይበቃውም። ከማኒላ የመጣው የቡድን ባለቤት «አንደኛ የወጣውን ለከርሞ ማሌዥያ ወስጄ አወዳድረዋለሁ፤ ሽማግሌው ካሸነፉ ግን ማንንም አልወስድም» ብሏል። ዴልፊን ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶታል። እንዲህ ያለ ዕድል ተመልሶ እንደማይመጣ ያውቃል፤ ፈርቷል።

«ሁለት ዙር ቀረ!» አለች ሮዌና። «ሬናንቴ ከኋላህ እየደረሰ ነው። እሱ ከሌላ ደሴት፣ ከሴቡ የመጣ ነው፤ ኒኖንግ ምኑም አይደሉም። ሁለታችሁንም ጥሏችሁ ነው የሚሄደው።»

«ጠዋት የልጁን ፎቶ ሲያሳየን የነበረው?»

«ራሱ! አሁን የሰው ልጅ ምን ያደርግልሃል?»

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ፤ አማቱ ኮንሲንግ ነጥቀዋት ኖሯል።

«ስማ አንተ! የሠርግህን አሳማ የጣለልህ ማን ነው?»

«ኒኖንግ ናቸው፣ እማማ።»

«ቆዳውን እንዴት አድርገህ ነበር የቆረጠምከው! ያን ሁሉ በልተህ ዛሬ ልትቀድማቸው? ለገና በየትኛው ዓይንህ ልታያቸው ነው?»

«እማዬ፣ አምጪው!» የሮዌና ድምፅ ተመለሰ። «ዴልፊን፣ አሳማው ተበልቶ አልቋል። እለፍ!»

የመጨረሻው ዙር ላይ የሬናንቴ ቀይ መኪና ስፖኪዮውን ሞላው። ዴልፊን አማተበና ነዳጁን ረገጠ። ከኒኖንግ ጎን ለጎን ደረሰ። አፍንጫው ቀድሞ ሊወጣ ሲል ግን ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። በእናቱ ቤት በትልቅ ሰው ፊት የሚያልፍ ልጅ ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ያልፋል፤ የረሳ ልጅ ጀርባው ላይ ነጠላ ጫማ ያርፍበታል። እናም ዴልፊን በሰዓት መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር እየከነፈ መሪውን በአንድ እጁ ለቀቀ፤ አንገቱን ደፋ፤ እጁን ዘረጋ።

«ይቅርታ፣ ኒኖንግ፣ ልለፍ» አለ፤ ከሮዌና በቀር የሰማው የለም። እሷም ጮኸች።

መኪናዋ ወደ ሣሩ ተንሸራተተች። ፕላሲዶ ግን የተዘረጋውን እጅ አይተዋል። ጨዋ ልጅ ሲያልፍ እግሩን እንደሚሰበስብ ሽማግሌ፣ ሳያስቡት ጠጋ አሉለት። ዴልፊን ሾልኮ አለፈ። ሬናንቴ በዚያው ሊከተል ሲል ዘጉበት፤ እሱ እጁን አልዘረጋማ።

ዴልፊን አንደኛ ወጣ። የራስ ቁሩን እንኳ በቅጡ ሳያስቀምጥ ወደ ፕላሲዶ ሮጠ፤ እንደ አገሩ የአክብሮት ወግ እጃቸውን ይዞ ግንባሩ ላይ አደረገ።

«እጅህን ደህና ዘርግተሃል» አሉት ፕላሲዶ ፊታቸውን ሳይፈቱ። «ጎንበስ ማለቱ ግን ያንስሃል።»

«ቀበቶው ይዞኝ ነው፣ ኒኖንግ።»

«ይሁን። ለገና መጥተህ ፖስታህን ውሰድ።»

የዴልፊን ዓይን እንባ አቀረረ። በሕይወቱ እንዲህ ተደስቶ አያውቅም።

የቡድኑ ባለቤት መጥቶ ጨበጠው። «ማሌዥያ ትሄዳለህ። ሬናንቴንም ጨምሬዋለሁ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ እሱ ካንተ ይፈጥናል።»

ዴልፊን ደስታው ግማሽ ሆነ። ለከርሞ ዓመቱን ሙሉ ያ ቀይ መኪና ስፖኪዮው ውስጥ ሲከተለው ከወዲሁ ታየው። ሬናንቴ ጎማ ላይ ተቀምጦ የልጁን ፎቶ ለመካኒኮቹ ያሳያል። ዴልፊን ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ሲያምር! ክርስትና ተነሳ?»

«አልተነሳም፣ ጋሼ። እዚህ ዘመድ የለንም፤ አባት የሚሆነው አጣን።»

ዴልፊን ዞር ብሎ ፕላሲዶን አያቸው። የክርስትና ልጆቻቸው ከበዋቸው ተራ በተራ የሽማግሌውን እጅ ግንባራቸው ላይ ያደርጋሉ።

«እኔ አነሳዋለሁ» አለው ለሬናንቴ። «አሳማውንም እኔ እጥላለሁ።»