ሚሞሪው ቀንሷል

የመሬት ቀያሹ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቀኑን የሚገፋው ከኮምፒውተር ጋር ቼዝ እየተጫወተ ነበር። ኮምፒውተሩ ግን አርጅቷል፤ አንድ ወታደር ለማንቀሳቀስ ሲያስብ ሲያስብ ይቆይና ጭራሽ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ሚስቱ ደግሞ ፎቶ አንሺ ናት። ሳሎኑን በመጋረጃ ከፍላ የሰርግ ፎቶ የምታሳምርበት የእሷ ኮምፒውተር እንደ ነፋስ ይከንፋል። አንድ ቀን ለሥራ ስትወጣ ጠብቆ ክዳኑን ከፈተና ኮምፒውተሩን ከሚያፈጥኑት ሁለት ሚሞሪዎች አንዷን ነቅሎ የራሱ ላይ ሰካ።

«አንዷ መች አነሰቻት» አለ ለራሱ።

የእሷን መልሶ ገጥሞ ለሙከራ ሲያበራው ማሽኑ ጢጥ አለና ጥቁሩ ስክሪን ላይ ጻፈ፦ ሚሞሪው ከበፊቱ ቀንሷል። ለመቀጠል ኤፍ ዋንን ይጫኑ።

ቀያሹ ክው አለ። ዕቃው በተነሳ ቁጥር ሆዱን እየዳበሰ የጎደለና የተጨመረ እንደሚፈትሽ ማን ነግሮት! አጥፍቶ አበራው፤ ያንኑ ደገመለት። ዝም የሚለው ኤፍ ዋንን ሲጫንለት ብቻ ነው። ሚሞሪዋን መመለስ ይችል ነበር፤ ግን የራሱ ኮምፒውተር ንግሥቲቱን እንዴት አድርጎ እንዳስፈነጠራት ካየ በኋላ አንጀቱ አልቻለም።

ስለዚህ ማለዳ ማለዳ ከሚስቱ ቀድሞ እየተነሳ ኮምፒውተሯን እያበራ ኤፍ ዋንን መጫን ጀመረ።

«ምን ልትሆን ነው በጠዋቱ?» አለችው ዐይኗን እያሻሸች።

«ላንቺ ብዬ ነዋ። ስትመጪ ተነስቶ ይጠብቅሽ።»

ልቧ ቅቤ ጠጣ። ከተጋቡ ጀምሮ ካልሲውን እንኳ ከወለል አንስቶ የማያውቅ ሰው! ለእህቷ ደወለች፣ ለጎረቤት አወራች። ኮምፒውተሩ ፎቶ ሲከፍት ማዛጋት መጀመሩን ልብ ያለችው ቆይታ ነው፤ ያንንም «አርጅቶ ይሆናላ፤ ማን ያላረጀ አለ?» ብሎ ቀያሹ አድበሰበሰባት።

ብዙም ሳይቆይ የእህቷ ባል ደወለለት።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን በደልኩህ?»

«ምነው?»

«ሚስቴ በጠዋት ተነስተህ ኮምፒውተር አብራልኝ ብላ ቁም ስቅሌን አሳየችኝ።»

«አብራላታ!»

«ቤታችን ኮምፒውተር የለም!»

ቅዳሜ ዕለት እህትየው ይህን ጉድ በዐይኗ ልታይ መጣች። ሚስቱ የሙሽሮቹን ፎቶ በኮምፒውተሯ ደርድራ እያሳየቻት ሳለ መብራት ድርግም ብሎ ጠፋና ወዲያው መጣ። ቀያሹ መታጠቢያ ቤት ፊቱን ሳሙና ለቅልቆ ነበር። ጢጥ ሲል ሰማ፤ በአረፋው እንደተሸፈነ ሮጠ። ወንበር አደናቀፈው፣ መጋረጃው ተጠመጠመበት፣ እንደምንም ደረሰ። ዐይኑ ተጨፍኖ ስለነበር ኤፍ ዋን ነው ብሎ የተጫነው የሚስቱን አፍንጫ ነው።

«ሚሞሪው ከበፊቱ ቀንሷል» ብላ አነበበች እህትየው። «የማን?»

ሚስቱ ስክሪኑን አየች፤ ከመጋረጃው ወዲያ ድሮ ድርቅ ይል የነበረው የባሏ ኮምፒውተር በአንድ አፍታ ተነስቶ ሲጠብቅ አየች፤ ገባት።

«ለዚህ ነው እንዴ በጠዋት የምትነሳው?»

መዋሸት አማረው፤ ሳሙናው ግን እያቃጠለው እንባው ዱብ ዱብ አለ። እህትየው አንጀቷ ተንሰፈሰፈ። «በቃ ተዪው፣ ይኸው ተጸጽቶ እያለቀሰ ነው!»

«ሳሙና ነው» አለች ሚስቱ።

ቀያሹ ሚሞሪዋን መለሰ። ሲያበሩት ማሽኑ እንደገና ጢጥ አለ፦ ሚሞሪው ጨምሯል። ሚስቱ ተኮሳትራ ልትቆይ ብትሞክርም ሳቋ አመለጣት። «እዚህ ቤት የማይዋሸው እሱ ብቻ ነው» አለች።

እህቷ ከሄደች በኋላ ግን ሚስቱ ሳቋን ትታ ፊቷን ወደ ፎቶዎቿ መለሰች። የከፋት በሚሞሪዋ እንዳልሆነ ቀያሹ ገባው። ያን ሁሉ ጠዋት ለእሷ ሲል የተነሳ መስሏት ነበር። ጨነቀው፤ ጠጋ ብሎ «ነገስ ላብራልሽ?» አላት።

«አሁን ደግሞ ምን ልትነቅል?»

«ምንም። ለምዶብኝ መተኛት አልቻልኩም።»

ትክ ብላ አየችው። «ማብራቱን ተወው። ከተነሳህ ግን ሻይ አፍላልኝ።»

በማግስቱ እንደ ልማዱ ቀድሟት ተነሳ፤ ውሃውንም ጣደ። ከዚያ ስኳሩ የት እንደሚቀመጥ ሊጠይቃት ቀሰቀሳት።