ከጨው ሥር የተጻፈ ውጤት

ባሏ «እሺ» ሲላት ፋርማሲስቷ ደነገጠች።

ለክርክር ተዘጋጅታ ነበር። ዓርብ ማታ ከሥራ ስትመለስ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ፣ እሱ የሚለውን በእሱ ቦታ፣ እሷ የምትለውን በራሷ ቦታ ሆና በልቧ ስትሟገት ነው የመጣችው። ሁለት ጊዜ ረትታው፣ አንድ ጊዜ ተረትታለታለች። ታናሽ እህቷ ሚጢጢ እሑድ ትገባለች፣ ሰኞ ኮሌጅ ትጀምራለች፣ ማደሪያ ያስፈልጋታል። ቤታቸው ደግሞ አንድ መኝታ ቤት፣ አንድ ሳሎንና ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ጠባቧ ክፍል የእሱ ናት፤ እንጨት ይሠራባታል።

«ያቺን የእንጨት ቤትህን ለሚጢጢ ብትለቅላትስ?» አለችው ሻይ እየቀዳችለት።

ፈተና እያረመ ነበር። ቀና እንኳ አላለም። «እሺ።»

«እሺ? በቃ?»

«ታዲያ ልጅቷ ሜዳ ላይ ትደር?» ብሎ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

ያዘጋጀችው ሁሉ አፏ ውስጥ ቀረ። በትከሻዋ ልትገፋው የተንደረደረችበት በር ክፍት ሆኖ ሲገኝ እንዴት ይኮናል? እንደዚያ ሆነች።

ባሏ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነው። ተማሪዎቹ ከኋላው «ሰባት» ይሉታል፤ ደፋሮቹ ደግሞ ፊት ለፊት «ቲቸር ሰባት»። ከአሥር ከሰባት በላይ ሲሰጥ ያየው የለም። መልሱ ልክ ቢሆንም የተሄደበት መንገድ ከተዝረከረከ ይቀንሳል፣ መንገዱ ቢያምርም ከረዘመ ይቀንሳል። አንዲት እናት ቢሮው ድረስ መጥተው «ልጄ ሁሉንም መልሳለች፤ ሦስቱን የት አደረስክባት?» ቢሉት «ለሚቀጥለው ፈተና አስቀምጬላታለሁ» ብሏቸዋል ይባላል።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠመኔ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ሰጋቱራ። ከአሮጌ ብስክሌት ራሱ በሠራው ቶርኖ እንጨት እያሽከረከረ ጎድጓዳ ሳህን፣ ክዳን ያለው ሣጥን፣ የበር እጀታ፣ የሕፃናት ሽክርክሪት ይቀርጻል። እሷ ይህን የምታውቀው እንደ ጎረቤት ነው፣ በድምፅ። ቅዳሜ እስከ ቀትር ፋርማሲ ትውላለች፤ እሑድ ልብስ አለ፣ ገበያ አለ። ከግድግዳው ወዲያ የሚያጉረመርመውን ነገር ስትሰማ «አለ ማለት ነው» ብላ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ለሥራ ባልደረቦቿም «ከካልሲው የማራግፈው ሰጋቱራ ትራስ ይሞላል» እያለች ታስቃቸዋለች።

አንድ ነገር ግን በደንብ ታውቃለች። ሰውየው ለራሱም አይራራም። የሠራውን ዕቃ ሁሉ ገልብጦ ከሥሩ በመርፌ ጫፍ ውጤቱን ይጽፍበታል። ይህን ያወቀችው ተዋርዳ ነው። ለፋርማሲው ባለቤት ልደት አንዱን ሳህን ጠቅልላ ብትወስድላቸው፣ ሴትየዋ አገላብጠው አዩና መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «የኔ ልጅ፣ ይህ ከአሥር አራት የተሰጠው ለሳህኑ ነው ወይስ ለእኔ?» አሏት።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ስትመለስ ክፍሏ ተራግፋ፣ ዕቃው ተጠቃሎ አገኛለሁ ብላ ነበር። ከበር ስትደርስ ያው ማጉረምረም ተቀበላት።

«አንተ ሰውዬ! እሺ ብለህ አልነበር?»

«አንዲት ነገር ቀርታኝ ነው። እሷን ልጨርስና እፈታዋለሁ» አለ ፔዳሉን ሳያቆም። «ግቢ፣ በሩን ዝጊው፣ ነፋሱ ሰጋቱራውን ዓይንሽ ውስጥ ይከተዋል።»

ገባች። የምትቀመጥበት ስታጣ ቫርኒሽ በነበረበት ቆርቆሮ ላይ ተቀመጠች። ስምንት ዓመት አብረው ኖረው ባሏን ቅዳሜ ቀን ሥራ ላይ ስታየው ይህ የመጀመሪያዋ መሆኑን ያኔ ነው ያስተዋለችው።

የብስክሌቱ የኋላ ቸርኬ ያለ ጎማ ቆሟል። በላስቲክ ቺንጋ ከላይ ያለችውን ዘንግ ያዞራል፤ በዘንጓና ከፊት ለፊቷ ባለው ሹል ብረት መካከል አንድ ክንድ የሚያህል እንጨት ታስሮ ይሽከረከራል። አንድ እግሩ ፔዳሉ ላይ ነው። ሁለት እጁ መሮውን ይዟል፤ አንዱ ይመራል፣ አንዱ ይይዛል። መሮው እንጨቱን ሲነካ መጀመሪያ ተንጫጫ፣ ቀጥሎ አጉረመረመ፣ ከዚያ ዝም አለ። ቀጭን ፍቅፋቂ እንደ ሪባን እየተጠቀለለ ጉልበቱ ላይ ወረደ።

«ሰማሽ? ሲጮህ ገና ጎባጣ ነው። ዝም ሲል ክብ ሆኗል ማለት ነው።»

«ካልጮኸ ታዲያ እንዴት ታውቃለህ?»

«በዝምታው ነዋ።»

ትከሻው ወርዷል። ለወላጆች ቀን ተጋብዛ ትምህርት ቤቱ ስትሄድ ያየችው ሰው፣ ያ አንገቱን ቀብሮ ለሰሌዳው የሚያወራው ሰው፣ እዚህ የለም። እያንጎራጎረም ነበር። ዜማው ከመነሻው ተሳስቷል፣ እሱ ግን አላፈረም። በየመሀሉ ያቆምና ዓይኑን ጨፍኖ እንጨቱን በመዳፉ ይዳብሳል፣ አንዲት ቦታ ላይ ጣቱ ትቆማለች፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱን አንስቶ እዚያችው ቦታ ላይ ብቻ ያለሰልሳል። እሷም የሕፃን ሽሮፕ ስትለካ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ስለዚህ አሁን ማውራት እንደሌለባት ገባት።

እንጨቱ ትምህርት ቤቱ ግቢ ነፋስ ከጣለው ዛፍ የመጣ ነው። «ያረፈደ ተማሪ ሁሉ ከዚህ ግንድ ኋላ ተደብቆብኛል» አላት። «አሁን የሚደበቁበት አጥተው በሰዓቱ ይመጣሉ።»

«ምንድን ነው የምትሠራው ግን?»

«የመብራት እግር። ለሚጢጢ። ተማሪ ያለ ራስጌ መብራት ምን ልታደርግ ነው? ያቺ ክፍል እንደሆነች ጨለማ ናት።»

ክፍሉን ለምትነጥቀው ልጅ መብራት እየሠራ ነው። ፋርማሲስቷ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች፣ እጇም ሥራ ፈልጎ ሳህኖቹን ይገለብጥ ጀመር። አራት። አምስት። አምስት። አንዱ የሚያምር፣ ጠርዙ እንደ ቅጠል የሳሳ፤ ስድስት። «ይህን ደግሞ ምን አጥተህበት ነው?» «እግሩ ከባድ ነው፣ ቁጭ ያለ ያስመስለዋል።» «ሳህን አይቀመጥም እንዴ?» ሳቀ። ስትገለብጥ ስትገለብጥ አንድ ነገር ትዝ አላት።

የጨው ዕቃዋ። በተጋቡ በዓመቱ የሰጣት፣ ወጥ ቤት ምድጃው አጠገብ ያለው ክብ የእንጨት ዕቃ። አንድም ቀን ገልብጣው አታውቅም። ጨው ሲጎድል ትጨምርበታለች እንጂ ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ጨው የሞላ ዕቃ ማን ይገለብጣል?

ተነስታ ወጥ ቤት ገባች። ጨውን ሰሃን ላይ ዘረገፈችው። ገለበጠችው።

3።

ዕቃውን ይዛ ተመልሳ በር ላይ ቆመች። «ከአሥር ሦስት?»

ፔዳሉ ቆመ።

«ለትዳራችን ዓመት? ለእኔ? የፋርማሲው ባለቤት እንኳ አራት አግኝተዋል!»

«ቆይ፣ ቆይ...»

«ሰባት ዓመት ከሦስት ላይ እየቆነጠርኩ ስቀቅል!»

መሮውን አስቀመጠ። ጆሮው ቀልቷል። «ያኔ ያለኝ ምርጡ እሱ ነበር» አለ። «ከእሱ በፊት የሠራኋቸው ለሁለት እየተሰነጠቁ እሳት ውስጥ ነው የገቡት። ሳይሰነጠቅ የወጣ የመጀመሪያው እሱ ነው። እይው፣ አንድ ጎኑ ወፍራም ነው፣ ክዳኑ ያጋድላል። ሦስት ነው። ግን ሰጠሁሽ።»

«አራት ብትለው ምን ትሆን ነበር?»

«ውሸት ይሆን ነበር።» ከዚያ ለሰሌዳው ሳይሆን ለእሷ፣ ቀስ ብሎ ጨመረ፤ «ቅዳሜ ለራሴ ሦስት ሰጥቼ፣ ደግሜ እሞክራለሁ። ሰኞ ሦስት ያገኘ ልጅ ፊቴ ሲቆም ምን እንደተሰማው አውቃለሁ። አልጮህበትም። ‘ና፣ የት ጋ እንደተንጫጫብህ እንይ’ እለዋለሁ። እዚህ ባልገባ ኖሮ እንደ ምክትል ዳይሬክተሩ ቾክ ወርዋሪ እሆን ነበር።»

ፋርማሲስቷ ዕቃውን ጭኗ ላይ አድርጋ ቆርቆሮው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ሰፈር ውስጥ አንዳንድ ልጅ መንገድ ላይ አስቁሟት «የቲቸር ሰባት ሚስት ነሽ አይደል? ሰላም በይልን» የሚላት ለምን እንደሆነ አሁን ገባት። በሰባት የሚቀጣ መምህር እንዴት ይወደዳል ስትል ኖራለች።

«ቶርኖውን የት ታስቀምጠዋለህ?»

«ለብስክሌት ጠጋኙ ሰጥቼዋለሁ። ነገ ጠዋት ይወስደዋል፣ ለመለዋወጫ ይሆነዋል።»

«ታዲያ ሌላ ቦታ አትተክለውም?»

በእግሩ ወደ ወለሉ ጠቆመ። የቶርኖው እግሮች ሲሚንቶ ውስጥ ተቀብረዋል። «ሁለቱ ጫፎች ፊት ለፊት እንዲገጥሙ አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶብኛል። አንዴ ከተነቀለ አበቃ። ምንም አይደል።» ይህን ያለው ብሎን መፍቻውን እየፈለገ ነው፣ ዓይኑ ግን መፍቻው ያለበትን ቦታ ሁለት ጊዜ አልፎት ሄደ።

ፋርማሲስቷ ሳሎን ገባች። ትልቁ ሶፋ ከሱቅ ሲመጣ የለበሰውን ላስቲክ እስከዛሬ አላወለቀም። ቡፌው ውስጥ ማንም ያልጠጣባቸው ስኒዎች ተደርድረዋል። መጋረጃው ፀሐይ ሶፋውን እንዳያነጣው ዘወትር ዝግ ነው። ይህን ሳሎን እንደ ልጅ ነው ያሳደገችው፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ «እንዴት ያማረ ቤት!» ይላታል፣ ላስቲኩ ላይ እየተንሸራተተ። መጨረሻ የመጣው እንግዳ ማን ነበር? አሰበች። ቆጣሪ አንባቢው ነው። እሱም አልተቀመጠም።

ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ላስቲኩ ተንጫጫ። ከወዲያ መፍቻው የመጀመሪያውን ብሎን ሲይዝ ሰማች።

«ተወው!» ብላ ጮኸች። «እንዳትፈታው!»

እሑድ ጠዋት ብስክሌት ጠጋኙ ሲመጣ ሶፋው በሩ ላይ ተሰንቅሮ አገኘው። ባል ከውስጥ ይገፋል፣ ሚስት ከውጭ ትጎትታለች፣ ሶፋው ግን ወይ ወጪ ወይ ገቢ አልሆነም።

«ቲቸር፣ እኔ ለቶርኖው ነበር የመጣሁት» አለ ጠጋኙ።

«ቶርኖው አይሄድም» አለች ፋርማሲስቷ እያለከለከች። «ሶፋውን ነው የምትወስደው።»

«ኧረ እትዬ፣ እኔ ሶፋ ምን ያደርግልኛል? ብስክሌት አይሆን!»

«ለሚስትህ ነው የሰጠሁት፣ አንተን አልጠየቅኩም። ያዝ በዚያ በኩል!»

«አዘንብለው፣ ሠላሳ ዲግሪ!» አለ መምህሩ ከውስጥ።

«ወደ የት ነው ዲግሪው?» አለ ጠጋኙ።

«ወደ እኔ!» አለች ፋርማሲስቷ፤ ሶፋውም ወጣ። ላስቲኩ የበሩ መቃን ላይ ተይዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቀደደ። ቆማ አየችው። ከሥሩ ያለው ጨርቅ ቀይ ነበር። ቀይ መሆኑን ረስታዋለች።

ሚጢጢ ከሰዓት በኋላ ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች። ስሟን ያወጡላት ሕፃን ሳለች ነው፣ አሁን በሩን ጎንበስ ብላ ነው የምታልፈው። መጋረጃው ተከፍቶ፣ ሶፋው በነበረበት አልጋ ተዘርግቶ ስታይ ሻንጣዋን ለቀቀችው።

«እታለም! ሳሎኑስ? የት አደረግሽው? ታመሽ ነው?»

«ደህና ነኝ።»

«እንግዳ ሲመጣስ?»

«የእንጨት ቤቱ ውስጥ ቆርቆሮ አለ፣ ይቀመጥበታል።»

ሚጢጢ ራስጌዋ ያለውን መብራት አነሳች። የእንጨቱ እግር ከታች ሰፍቶ፣ ወገቡ ላይ ጠቦ፣ አንገቱ ጋ ደግሞ ትንሽ ሰፋ ይላል። እንደ ድመት ዳበሰችው። ከዚያ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረገች፤ ገለበጠችው።

«ሰባት! ጋሼ፣ ከአሥር ሰባት?»

«እስከ ዛሬ ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው» አለ መምህሩ ወደ ጫማው እያየ።

«ሰማሽ እህቴ?» አለች ፋርማሲስቷ። «ትናንት ተወልደሽ ዛሬ ሰባት! እኔ ስምንት ዓመት አብስዬለት ሦስት።» የጨው ዕቃውን ከወጥ ቤት አምጥታ አሳየቻት። ሚጢጢ ሳቋን በመዳፏ ያዘች።

ፋርማሲስቷ ከእንጨት ቤቱ መርፌዋን አምጥታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዕቃውን ጉልበቷ ላይ አጥብቃ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ የ3ቱን ክፍት ጎኖች አንድ በአንድ ዘጋቻቸው። ስምንት ሆነ። ያለ ምንም ኃፍረት ለባሏ አቀበለችው።

መምህሩ ዕቃውን ወደ ብርሃኑ አዞረና ለረጅም ጊዜ አየው። «ይህቺን ማጭበርበር በየሴሚስተሩ አገኛታለሁ» አለ። «ሦስትን ስምንት ያደረገ ልጅ ሁልጊዜ አዲሱን መስመር ከአሮጌው አጠንክሮ ይጽፈዋል። አንቺም እንደዚያው።»

«ታዲያ ወላጅ አምጪ ልባል ነው?»

ሚጢጢ ከት ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ዕቃውን በአውራ ጣቱ ዳበሰ፤ ወፍራሙ ጎን ላይ ደረሰ፣ ቆመ፣ አለፈው። ሶፋው በነበረበት ወደተዘረጋው አልጋ፣ ወደተከፈተው መጋረጃ፣ ከዚያም ወደ እሷ አየ።

«መርፌዋን» አለ።

«ልታጠፋው ነው?»

«የተስተካከለ ውጤት መምህሩ ካልፈረመበት ዋጋ የለውም።» ከስምንቱ አጠገብ፣ በተማሪዎች ወረቀት ላይ እንደሚያደርጋት አድርጎ፣ ትንሽ ፊርማውን አሰፈረ። ብናኙን እፍ አለው።

ፋርማሲስቷ ተቀብላው ወጥ ቤት ገባች። ሰሃኑ ላይ ያደረውን ጨው መልሳ እስከ አፍ ገደፉ ሞላችበት፤ ክዳኑን ስትገጥም እንደ ወትሮው አጋደለ። ከግድግዳው ወዲያ ፔዳሉ ሲነሳ ሰማች። መሮው እንጨት ነካ፣ ተንጫጫ፣ አጉረመረመ። ዝም እስኪል ድረስ ማንኪያዋን ይዛ ቆመች።